የደጃፉ በርጩማ

«አንድ ነገር ቢያደርጓትስ? ለማን አቤት እላለሁ?»

እማማ ሸዋአየሁ ይህን ጥያቄ ከነጋ ጀምሮ ሲያመላልሱት ቆይተዋል። የልጅ ልጃቸው ምስጢር ግን መስተዋት ፊት ቆማ ጠጉሯን ትጎነጉናለች፤ ያውም እያፏጨች።

ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ የሰፈሩን ወጣቶች የምታሠለጥነው እሷ ናት። ሰውን በወገኑና በእጅ ሥራው መናቅ፣ ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» እያሉ መሸሽ እንዴት እንደሚቀር ልታወያያቸው ነው። ትናንት ታዲያ ስልኳ ላይ አንድ መልእክት ገብቶ ነበር፦ «ደፍረሽ ከመጣሽ ታገኛታለሽ!» እማማ ሸዋአየሁ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋልና ፊደል በፊደል አነበቡት። ባያነቡት በተሻላቸው።

ይህ አልበቃ ብሎ ደጃፉ ላይ የኔታ ወልደኢየሱስ ተቀምጠዋል። የሟች ካህን ባላቸው ወንድም፣ የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው። በርጩማ ከቤት አውጥተው በሩ መሃል ላይ አኑረው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው አጋድመው መንገዱን ዘግተዋል።

«በእኔ ላይ ተራምዳ ትሂዳ!»

«ኧረ የኔታ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ። ብርዱ አይበጅዎትም።»

«ብርዱን ተይው ሸዋአየሁ። የካህን የልጅ ልጅ ከማን ጋር እንደምትውል አታዪም? ምነው ዝም አልሽ?»

እማማ ሸዋአየሁ ልጅቱ ባትሄድ ደስታቸው ነበር፤ የኔታ ከልክለዋት እንድትቀር ግን አይወዱም። ሁለቱ እንዴት እንደሚለያዩ ለራሳቸውም ማስረዳት አቃታቸው።

ይሄኔ ከየኔታ ትከሻ በላይ አንዲት ልጅ ብቅ አለች። ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ የመጣችው ዝናሽ ናት፤ ከቤተ እስራኤል ወገን። ዘመዶቿ አብዛኞቹ እስራኤል ገብተዋል፤ እናቷ ዛሬም መንገድ ዳር ሸክላ ትሸጣለች። ከምስጢር ጋር አብራ ሠልጥና ዛሬ አብራ ልታሠለጥን ነው የመጣችው።

«እንደምን አደሩ የኔታ? ያሳልፉኛል?»

የኔታ ቀሚሷ እንዳይነካቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ፣ ጉልበታቸውን ሸሸት አደረጉ። ዝናሽ በዚያችው ክፍተት ሾልካ ገባች።

ያን ጊዜ የእማማ ሸዋአየሁ እጅ፣ ማንም ሳያዘው፣ ለምስጢር ስንቅ ብለው የቆረሱትን ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ከደነው። ዓይን እንዳያርፍበት። እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ምስጢር በመስተዋቱ አየቻቸው። ፉጨቷ ቆመ።

ዝናሽ ግን ሳቀች። «አይጨነቁ እማማ። የኔ አያት ቢሆኑ ዳቦውን ሳይሆን ራሳቸውን ነበር የሚሸሽጉት። የእናንተ ሰው በድንገት ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም። ‹አትንኩኝ!› ነው የሚሉት።»

«የኛ ሰው ሲነካቸው?»

«አዎ።»

«እኔም ብነካቸው?»

«እርስዎማ የካህን ቤት ነዎት፤ ሁለቴ ነበር የሚታጠቡት።»

ምስጢር ሳቋ አመለጣት። እማማ ሸዋአየሁ አልሳቁም። «ምን ሆንኩና ነው? ነጠላዬ እንደ ወተት የነጣ፣ ቤቴ ተጠርጎ የሚያድር!» ፊታቸው ጋለ። በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ሰው ተጸይፏቸው አያውቅም፤ ወይም ቢጸየፋቸውም እስከ ዛሬ አላወቁትም። እጃቸው አሁንም ዳቦው ላይ ነው።

«ዛሬ የምንጀምረው በዚህ ነው» አለች ምስጢር። «ሁሉም ከቤቱ የሰማውን ያወጣል። እነሱ ስለኛ፣ እኛ ስለነሱ። ተናዶ የሚወጣ አይጠፋም፤ የቀረው ይነጋገራል።»

«አባቶቻችን የሚያውቁትን እናንተ ልታስረሱን!» አሉ የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው። «እነዚህ ሰው እንደሚበሉ ጎንደር ሁሉ ያውቃል።»

ዝናሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ምስጢር ወደ ደጃፉ ሄዳ በየኔታ ፊት በርከክ አለች።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሸክላ ሠሪ ሰው ሲበላ በዓይንዎ አይተዋል ወይስ ነግረውዎት ነው?»

የኔታ ቁጡ ናቸው፣ ግትር ናቸው፤ ሐሰት ግን ከአፋቸው እንደማይወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ነግረውኝ ነው» አሉ።

«እኔንም ነግረውኝ ነበር» አለች ምስጢር፣ ድምጿን ሳታነሣ።

እማማ ሸዋአየሁ ልጅቱን አዩዋት። ባላቸው የተጣላ ሲያስታርቁ እንዲህ ነበሩ፤ ዝቅ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። እሷ እኮ አልደረሰችባቸውም፤ ከየት አመጣችው? ፍርሃታቸው ከሆዳቸው አልወጣም። ከፍርሃቱ በላይ ግን ሌላ ነገር ደረታቸውን ሞላው፤ ደጅ ወጥተው «እኔ ነኝ ያሳደግኋት!» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ መጥራት አማራቸው።

ነጠላቸውን ከዳቦው ላይ ገፈፉ። ቆረሱና ለዝናሽ በእጇ ሰጧት፤ ጣታቸው ጣቷን ነካ።

«በይ እንግዲህ ታጠቢ» አሏት።

«ከበላሁ በኋላ» አለች ዝናሽ፣ ጉንጯ ሞልቶ።

ከዚያው ዳቦ ቆርሰው፣ በዚያው እጃቸው ለየኔታ ዘረጉላቸው። «ከእርስዎ ይልቅ እኔ ነኝ የምፈራላት፣ የኔታ። ግን ትሂድ።»

የኔታ ዳቦውን ተቀበሉ። አልጎረሱትም፤ አልመለሱትምም። ቀስ ብለው ተነሡ፤ በርጩማውን ከበሩ መሃል አንስተው ከግድግዳው ጥግ አስጠጉት። ከዚያ መቋሚያቸውን በአንድ እጅ፣ ዳቦውን በሌላው እንደያዙ ወጡ። የጠዋት ፀሐይ በተከፈተው በር ገብታ በምስጢር ጫማ ላይ አረፈች።