በሩ የምሩን አላስገባም አለ

ሙሽራውን አናስገባም ብለን በሩ ላይ ስንዘፍን፣ እልልታውን ስናቀልጠው የሁላችንም ጉሮሮ ተዘጋ። «በቃ፣ ይግቡ!» ብንል በሩ የማናችንንም ድምፅ አልለይ አለ። በቁልፍ የሚከፈት በር ድሮ ቀርቷል፤ የኛው የሚከፈተው የቤቱን ሰው ድምፅ ሲለይ ብቻ ነው። ውጭ ሚዜዎቹ ጨዋታ መስሏቸው ያጨበጭባሉ፤ እኛ በሳቅ ፍርስ አልን።

«ሳትዘፍን የዋለችው ሙሽራዋ ብቻ ናት!» አለች አክስቴ።

እህቴ ትርሲት ቬሏን ሰብስባ ቀረበች። «ክፈት!»

«ድምፅዎ ዛሬ ጠዋት ወደ ባለቤትዎ ቤት ተዛውሯል፤ እዚህ እንግዳ ነዎት» አላት በሩ በትህትና።

ይባስ ሳቅን። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን በመስኮት ያወጧት ጀመር። እማዬ ብቻ በሩን በመዳፏ እየመታች፣ በሻከረ ድምፅ «ልጄ እኮ ናት!» አለችው።

«እርስዎን ማን ልበል?» አላት።