ስክሪኑ ውስጥ ያለው ገመድ

ወንድምየው ጠረጴዛው ስር ተጋድሞ የኔትወርክ ገመዱን ለሺህኛ ጊዜ ነቅሎ ሰካው። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት፣ ከዓለም ጋር እንደተኳረፈ ነው። የአባታቸውን መድኃኒት ቤት ፋይል ዛሬ ለገዢው ካልላከ ሽያጩ ይፈርሳል።

«ወንድም ጋሼ፣ አገር ያንቀጠቀጠ እውቀትህ ባንዲት ገመድ ተሸነፈ?» አለች እህቱ በሩ ላይ ቆማ።

«አፍሽን ዝጊ።»

ላቡ ወንዝ ሆኖ እየወረደ ተነሣና ስክሪኑ ላይ የቨርቹዋል ማሽኑን የኔትወርክ ማስተካከያ ከፈተ። «ገመድ ተሰክቷል» ከሚለው አጠገብ የራይት ምልክቷ የለችም። ለካ የተነቀለው ስክሪኑ ውስጥ ያለው ገመድ ኖሯል። ምልክቷ ደግሞ ሰው ካላነሣት በራሷ አትጠፋም።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ የአባባ መድኃኒት ቤት እንዳይሸጥ ብዬ። መልሳት፤ ከዚያ በኋላ ግን እህት አለችኝ እንዳትል።»

መለሳት። ፋይሉ እንደ ጎርፍ መሄድ ጀመረ። «አየሽ፣ እኔን ማን ይችለኛል» ብሎ ሊፎክር ዞረ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።