ሃያ ሁለት ፊደል ያለው ፓስወርድ

ሕዝቅኤል ኮምፒውተሩን የሚጠብቀውን ያህል ባንክም ካዝናውን አይጠብቅም። ውስጡ ያለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሩታ የሚጽፈው ደብዳቤ።

ሩታ አስተማሪ ናት፤ የካ ዳገቱ ላይ ከእነሕዝቅኤል ሁለት ቤት አለፍ ብላ ነው የምትኖረው። ሕዝቅኤል ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰላም ነሽ» ከማለት አላለፈም። ስለዚህ ይጽፋል። ጽፎ ፕሪንት ያደርጋል፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል፣ ይናደዳል፣ እንደገና ይጽፋል። እንዳይምታታበት በየገጹ አናት ስሙን፣ የረቂቁን ቁጥርና የገጹን ቁጥር ያደርጋል። የታረመውን አልጋው ሥር ያለ ካርቶን ውስጥ ይወረውራል። አስራ አንደኛው ረቂቅ ላይ ደርሶ ካርቶኑ ገና ግማሹም አልሞላም።

ቃሉ ከእሱ በፊት በሌላ ሰው አፍ ሩታ ጋ ከደረሰ አለቀለት። ሰፈር ይቀይራል፣ ሌላ ምርጫ የለውም።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሲግናል ሲወርድ የታክሲው ረዳት፣ የሰፈር ልጅ ነው፣ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ‹አንቺ ስታልፊ የካ ዳገት ሜዳ ይሆናል› ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ አይደል? ለእኛ ሚኒባስማ አልሆነም፤ ፍሬን ጨረሰብን።»

ሕዝቅኤል ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ይሄን የሚያውቁት እሱና ኮምፒውተሩ ብቻ ናቸው።

ጁነይድ ትዝ አለው። ጁነይድ ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤቷን ተከራይቷል፤ መገናኛ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይዘረጋል። ዋይፋዩን አብረው ነው የሚጠቀሙት። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ ምን ያደርጋል።

ያን ቀን ፓስወርዱን ቀየረ። ሃያ ሁለት ፊደል። ለራሱም በአራተኛው ሙከራ ነው የገባለት። ካሜራው ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፈ። አንቲቫይረስ ጫነ፣ አላመነውም፣ እሱን የሚጠብቅ ሌላ ጫነ። ሁለቱ ተጣሉና ኮምፒውተሩ ግማሽ ቀን ቆመ። ዋይፋዩን ነቀለው።

እናቱ እትዬ መዓዛ በሰሃን ሳምቡሳ ይዘው ገቡ። እሳቸው ቤት የሚጣል ነገር የለም። የዘይቱ ጀሪካን ውሃ ይይዛል፣ የዱቄቱ ማዳበሪያ ምንጣፍ ይሆናል። በራቸው ላይ ሳምቡሳ ከምትጠብሰው ከኩልሱም ጋር እንደ እህት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ትኩስ ትኩሱን ሳትልክላቸው አትውልም።

«ብላ እስቲ። በባዶ ሆድ አይናደዱም።»

«እማ፣ ተጠልፌያለሁ።»

«ማናት ልጅቷ?» አሉት።

ሐሙስ ፀጉር ቤት ገባ። ቆራጩ መቀሱን አቆመና በመስታወቱ አየው።

«ሕዝቄ፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ፤ አስራ አንደኛው ይሻል ነበር። አስራ ሁለት ላይ ጨረቃዋ ትንሽ በዛች።»

ሕዝቅኤል ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ወጣ። በዚያው ፍጥነት ዳገቱን ሲወጣ ጁነይድን ኩልሱም ምድጃ አጠገብ ቆሞ ሳምቡሳ ሲበላ አገኘው።

«አንተ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

«ዋይፋዩን ነቅለኸው የለ እንዴ? በምን ልግባ፣ በመስኮት?»

«ሌባ ሁሉ መጀመሪያ እንደዚህ ነው የሚለው።»

«ካሜራው ላይ ፕላስተር አይቻለሁ» አለ ጁነይድ። «ቆስሎ ነው?»

«ያውልህ፣ አይቻለሁ አልክ።»

«በበር ነዋ ያየሁት። በርህን ከፍተህ ነው የምትጮኸው።» ጁነይድ ጣቱን በሳምቡሳው ወረቀት ጠረገና ጨማዶ ወረወረው። «ፀጉርህንም ጠልፈውታል መሰለኝ።»

ኩልሱም ሳቋን ዋጠች። «ሕዝቄ፣ አይዞህ» አለችው ዘይቱን እያየች። «ብቻ መጻፉን እንዳታቆም።»

ይሄን ጊዜ ሩታ መጣች። ስድስት ሳምቡሳ ገዛች። ቅባት አይስማማኝም ስትል በጆሮው ሰምቷታል፤ እንግዳ መጥቶባት ይሆናል።

«ሰላም ነሽ» አላት፣ ያልተቆረጠውን ጎን አዙሮ።

ፈገግ ብላ አለፈች። ፈገግታዋ እንቅልፍ ነሳው። ሰምታ ይሆን?

አርብ ሲመሽ አስራ አምስተኛውን ጨረሰ። ይሄኛው ጨረቃ የለበትም። ፕሪንት አደረገው፣ ሁለት ቦታ በቀይ አረመ፣ ካርቶኑ ውስጥ ወረወረው። ሰኞ በንጹሕ ወረቀት አትሞ በእጁ ይሰጣታል። እስከ ሰኞ ግን ይሄ ኮምፒውተር ጁነይድ ያለበት ግቢ ውስጥ አያድርም።

ቅዳሜ በጠዋት ሲፒዩውን ነቅሎ በጋቢ ጠቀለለና ታቅፎት እንጦጦን ተያያዘው። አጎቱ ጋሽ ጎበና እዚያ ባህር ዛፍ ይጠብቃሉ፤ ጎጇቸው ውስጥ ኢንተርኔት ቀርቶ መብራት የለም። መንገድ ላይ ከጠበል የሚመለሱ አንዲት እናት አዩትና አዘኑለት።

«ውይ ልጄ፣ ምን ሆኖብህ ነው?»

«ምስጢር አይቋጥርም» አለ ሕዝቅኤል ቆጣ ብሎ።

«እንዲህ ያለው ክፉ ነው። ሰባት ቀን አስጠምቀው።»

ጋሽ ጎበና ጥቅሉን እህል ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት፣ ቆለፉት፣ ላዩ ላይ ተቀመጡበት። «ማን ነው የሚፈልገው?» አሉ ዱላቸውን እያመቻቹ።

«በሽቦ የሚመጣ ሌባ ነው፣ ጋሼ።»

«ይምጣ።»

ሕዝቅኤል በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ብሎ ወረደ። ሽቦ የለ፣ መብራት የለ፣ በዚያ ላይ የጋሽ ጎበና ዱላ አለ። አሁን ጁነይድ ጋኔን ቢሆን አያገኘውም።

በራቸው ላይ ሲደርስ ሩታ ኩልሱም ምድጃ አጠገብ ቆማለች። ሳምቡሳዋን በልታ ጨርሳለች።

«ሕዝቅኤል፣ ረቂቅ አስራ አምስት ገጽ ሦስት አልደረሰኝም» አለችው፣ ዘይት የጠጣውን ወረቀት በጥንቃቄ እያጣጠፈች። «ስንት ሳምቡሳ ልጨምር?»