የበረንዳው ዳማ

«እሷን አትንካ! ከነካሃት አለቀልህ!»

ቃሉ ከባለሕንፃው አፍ ያመለጠው ሳያስበው ነው። ከአራተኛ ፎቅ የወረደው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ በሕንፃው በረንዳ ሥር የሚያድሩትን ሁለት ሰዎች ዝናቡ ሳይጀምር ከነካርቶናቸው ሊያስነሳ። ደንበኛ ያርቃሉ ባይ ነው፤ በአጠገባቸው ሲያልፍም ኩሬ እንደሚሻገር ሰው ዘለል ይላል። ዘበኛውን አስከትሎ፣ የሚቆጣውን ቁጣ አሳንሰሩ ውስጥ ተለማምዶ ሲደርስ፣ ሰዎቹ ለካ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ዳማ ደግሞ የባለሕንፃው የልጅነት ፍቅር ናት።

ቀጭኑ ተጫዋች እጁን ሰበሰበ። ባላጋራው፣ ክረምት ከበጋ የሱፍ ቆብ ስለማያወልቅ ሰፈሩ «ባለቆቡ» የሚለው ሰውዬ፣ ቀና ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ የተመልካች ምክር አንገዛም። ካወቁበት ይቀመጡ።»

«ልጫወት አልመጣሁም። ዛሬውኑ ቦታውን ልቀቁ ልላችሁ ነው።»

«እንግዲያው በጨዋታ ይለይልን። ካሸነፉኝ እንነሳለን፤ ካሸነፍኩ ክረምቱን እዚሁ ነን።»

ዘበኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ባለሕንፃው ግን የሱሪውን ጉልበት ሳብ አድርጎ ቀጭኑ በለቀቀለት ካርቶን ላይ ዘፍ አለ።

የዳማ ሕግ ሀብታም አይቶ አይለወጥም። አንዴ ከተቀመጡ እርስዎ ብሎ ነገር የለም፣ ይሉኝታ የለም፤ መብላትም መሳደብም ግዴታ ነው።

«ይሄን ሁሉ ፎቅ የሠራኸው በዚህ ጭንቅላት ነው?» አለ ባለቆቡ፣ ሁለት ቆርኪ አከታትሎ እየበላ።

ዘበኛው ክው አለ። ባለሕንፃው ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ደስ አለው። ፊት ለፊት የሰደበው ሰው ካየ ስንት ዘመኑ! ቢሮው ውስጥ ከምርጥ እንጨት የተሠራ ዳማ አለው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን እንዳይቀየመው እየፈራ ሁልጊዜ ይሸነፍለታል። እንዲህ ያለ ድል ጨው እንዳልነካው ምግብ ነው።

«ቆብህ ጆሮህን ደፍኖህ ነው እንጂ መሞትህማ ተነግሯል!» አለና አንዷን ቆርኪ አነገሠ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ቀጭኑ አጨበጨበ።

ሰማዩ ሲጠቁር ባለሕንፃው የማሸነፊያውን መንገድ አየው። አንዲት ቆርኪ ካስበላ ለባለቆቡ የቀሩትን ሦስቱን ይጠርጋል። እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ካሸነፈ እነዚህ ሰዎች ይሄዳሉ፤ ነገ ማን ይሰድበዋል? የት ያድራሉ የሚለውም፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ገና ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። ሌላዋን ገፋ።

ባለቆቡ ሰሌዳውን አየ፤ ሰውዬውን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«መልሳት።»

«ምኗን?»

«መልሳት አልኩህ! ቤት የለኝም እንጂ ዓይን አለኝ። መመጽወት ካማረህ እጄን ስዘረጋ ስጠኝ፤ ዳማ ላይ ግን እንዳትመጸውተኝ!»

ባለሕንፃው አፈረ። ሥራ አስኪያጁ ዘወትር የሚሠራበትን ሥራ ነበር የሠራው። ቆርኪዋን መለሰና ትክክለኛዋን ገፋ፤ አስበላ፤ ከዚያም ሦስቱን ጠራርጎ በላ። አለቀ።

ባለቆቡ ቃሉን አላጠፈም። ተነስቶ ብርድ ልብሱን ይጠቀልል ጀመር፤ ቀጭኑም ፌስታሎቹን ሰበሰበ። ዝናቡ አስፋልቱን ጠብ ጠብ እያለ ይመታዋል።

«ወዴት ነው?» አለ ባለሕንፃው፣ ከካርቶኑ ሳይነሳ።

«ተሸነፍን፤ እንሄዳለን።»

«መልስ ጨዋታውስ? አሁን የሚሄድ ፈሪ ነው!»

«እኔን ነው ፈሪ ያልከው?»

«አንተን ነዋ! ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ፣ ክረምቱ ገና ነው። ቁጭ በል!»

ባለቆቡ የጠቀለለውን ብርድ ልብስ ወርወር አድርጎ ተቀመጠበት።

«ወይ ጉድ! ቦታ ልቀቁ ሊል መጥቶ ራሱ ቦታ ያዘ!»

ባለሕንፃው ሳቀ። ከት ብሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከላይ መስኮቶች ተከፈቱ፤ ሠራተኞቹ ዝናቡ እየመታቸው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። የማን ሳቅ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አላወቁትም።