ልብስ ሰፊዋ ያገኘችው ድምፅ

እናንተ፣ ቁጭ በሉና አትንቀሳቀሱ። አንቺ ደግሞ የምልሽን ብቻ ጻፊ፤ ሳስል አብረሽ እንዳትጽፊው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል። ሁለቱ ጎረቤቶች ለሰፈር ተወካይነት ተወዳደሩ፤ ከነሱ ሌላ የተወዳደረ የለም። ሴትየዋን ያስፈራት መሸነፉ አይደለም። ሰውየው በግድግዳው ማዶ ሆኖ ሲስቅባት፣ የሚቀጥለው ምርጫ እስኪመጣ ድረስ መስማቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሙሉ የሱ ናቸው። ስንት ዘመን ጭንቅላታቸውን ይዞ ሲያወራቸው የኖረን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? ለሷ የቀሩት ወጣቶቹ ናቸው። ሱሪ ታሳጥርላቸዋለች፣ ዚፕ ትቀይርላቸዋለች፣ ስለ ፍቅራቸውም ሳይጠይቋት ትመክራቸዋለች። ችግሩ፣ ወጣቶቹ ምርጫ አይወጡም። ባለፈው ጊዜ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ የታየ አንድ ወጣት ቢኖር፣ እሱም ሽንት ቤት ፍለጋ የገባ ነው።

«ወጣቱን ለኔ ተዉት» አለቻቸው የአስመራጭ ኮሚቴውን ሰብሳቢ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጡት ደንቡን ሊያነቡላት ነበር፤ ያሸነፈ ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዋናው ቢሮ ሙሉ ቀን ይቀመጣል ምናምን። እሷ ስፒል በጥርሷ ይዛ ስታወራ አልሰማቻቸውም። ለተወዳዳሪዎቹ የድምፅ ማጉያም ይዘው ነበር። አንዱን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጡና ሌላውን ይዘውት ሊመለሱ ተነሱ።

«የኔስ፣ ጋሼ?»

«አንቺን ምን ያደርግልሻል?»

እሷ ይሄን እንደ ሙገሳ ወሰደችው።

መጀመሪያ በሯ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። «ወጣቶች፣ ድምፃችሁ ይፈለጋል። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ኑ።» ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ጠጋ ብላ ስታይ ግን ግማሾቹ ጊታር ይዘዋል፤ አንዷ ጥግ ላይ ማር እየላሰች ጉሮሮዋን ታሟሙቃለች።

«እትዬ፣ ዳኞቹ የታሉ?» አላት አንዱ።

«የምን ዳኛ?»

«የዘፈን ውድድር አይደል እንዴ?»

የምርጫ ድምፅ መሆኑን አስረዳቻቸው። በደንብ ነው ያስረዳቻቸው። ስትጨርስ የሚያዳምጧት ወንበሮቹ ብቻ ነበሩ።

ወጣት ያለው ስልክ ላይ ነው ሲሏት ቪዲዮ ተቀረፀች። ጣቷ ካሜራውን ጋርዶት ኖሮ፣ ጨለማ ውስጥ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። ቪዲዮውን በየቤቱ ተቀባበሉት አሏት፤ አልተኛም ያለ ሕፃን ማስፈራሪያ መሆኑን አልነገሯትም።

ቀጥላ በየመስኮታቸው ሥር እየቆመች መቀስቀስ ጀመረች። «ተነሱ፣ ነገ የናንተ ነው» ስትል መስኮቱ ግጥም ይላል። ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ከጆሮው ማዳመጫ የማይለየው፣ ስሙም ራሱ «ማዳመጫ» የሆነው ልጅ እንኳ፣ የዘፈኑን ድምፅ ጨመር ያደርጋል እንጂ ዞር ብሎ አያያትም።

አንድ ከሰዓት ይሄው ማዳመጫ ጓደኞቹን በሙሉ አስከትሎ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገባ። በሩ ተዘጋ። ፀጉር ለመቆረጥ በር ይዘጋል እንዴ? ሴትየዋ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ሹክሹክታ፤ ከዚያ ሳቅ። በሩን በርግዳ ስትገባ ሁሉም መስታወት መስታወቱን ማየት ጀመሩ።

«ምንድነው የምትዶልቱት?»

«ስለ ምርጫው ነው፣ ጎረቤት» አላት ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን እያራገፈ።

«እቤታችሁ ቅሩ እያልካቸው ነው፣ አይደል?»

«እኔ? ኧረ አንድ ሰው እንዳይቀር ነው ያልኳቸው።»

«አንተን እንዲመርጡ ነዋ።»

«ኧረ በፍጹም። እሷን ምረጡ ነው ያልኳቸው፤ ጠይቂያቸው።»

ልጆቹ መሬት መሬት ያያሉ። ማን ያምነዋል? አጭበርባሪ ሲያላግጥ እንዲህ ነው ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስትሰፋም ስትቀድም ይሄንኑ ታሰላስላለች። ምኑን ሰጥቷቸው ይሆን? ምን ብሎ አስፈራርቷቸው ይሆን?

የምርጫው ቀን ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ መንገዱን ዘጋው። በሙሉ ወጣት። አያቱን ደግፎ ያመጣ አለ፤ የትራስ ምልክት ፊቱ ላይ እንዳለ ከአልጋው የመጣ አለ። ማዳመጫ ሰልፍ ያስተካክላል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ለቆሙት ውሃ ያድላል። ሴትየዋ በመሐረቧ ዓይኗን እየጠረገች አለፈች። ዘዴዬ ሠራ፤ ደግሞ የትኛው ይሆን?

ማሸነፍ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ጠርጋ ወሰደችው። ሰፈሩ ጨፈረ። ፀጉር አስተካካዩ እልልታውን አቀለጠውና፣ ማንም ሳያዘው የስፌት መኪናዋን አንስቶ ቢሮ ወደሚወስዳት መኪና ይጭን ጀመር። ሽንፈት እንዲህ የሰው አናት ላይ ይወጣል አለች በሆዷ፤ እንዲያውም አዘነችለት።

ከዚያ ማዳመጫን ወደ ጥግ ጠራችው።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ የኔ ልጅ። ከዘዴዎቼ የትኛው ነው ያወጣችሁ? ለሌላውም ሰፈር ላስተምረው ነው።»

ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ፤ ጠቅልሎም ኪሱ ከተተው።

«እትዬ፣ ድምፃችንን የሰጠንሽ፣ ያንቺ ድምፅ ድልድዩን እንዲሻገርልን ነው።»

ልብስ ሰፊዋም ይሄን ስትሰማ ወገቧን ይዛ፣ እኔ እኮ ያን ያህል... አቤት? መጣሁ። ምን? የኔ ድምፅ እታች በር ድረስ ይሰማል?