የቆመችው ቀይ ነጥብ

ብዙነሽ መርዶ ታውቃለች። ሰበታ ከገባች ሃያ ዓመቷ ነው፤ የእድሩ ሴቶች ተጠሪ ሆና በንጋት የስንቱን በር አንኳኩታለች። ሐዘንተኛው ማታውን እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ስልኩ በሰበብ ይወሰዳል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ይህን ሥርዓት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ልጇ ጣቢታ «እማዬ፣ ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ ወስዳ ሳትመልስ ስትቀር፣ መርዶ መሆኑን ጠረጠረች።

የበኩር ልጇ ዮአብ በአንድ የአሜሪካ የምርምር መርከብ ላይ ተቀጥሮ፣ ከሰሜኑ በረዷማ ባሕር ወለል ጭቃ እያወጣ ለተመራማሪዎች ያቀርባል። መጀመሪያ የነገራት ጊዜ «ለጭቃ ነው እንዴ ያን ያህል አገር ያቋረጥከው? ሰበታ ምን ጎደለህ!» ብላ ስቃበታለች። ባሏ ይገዙ ግን ኮራ። የክር ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሆኖም ልጁ የላከለትን የመርከብ ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ ዘመዶቹ ያስተዋውቃቸዋል።

«ይቺ አልባትሮስ ናት፤ ዓሣ ስታጠና የኖረች። ይቺ ግሎማር ቻሌንጀር፤ የባሕሩን ወለል የሰረሰረች። ይቺ ደግሞ ጃኔት...»

ጃኔት ላይ ሲደርስ ብዙነሽ ተነስታ ትወጣለች። ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ወደ ሰሜን ዋልታ ስትጓዝ በረዶ ይዞ ያስቀራት፣ በመጨረሻም ጨፍልቆ ያሰጠማት መርከብ ናት። ብዙነሽ ያቺን ሥዕል አትወዳትም።

ይገዙ፣ ዮአብ የላከለትን፣ መርከብ የተጠለፈበት ሰማያዊ ኮፍያ ከራሱ አያወርድም። ቸርች ውስጥ እንኳ የሚያወልቀው ብዙነሽ ስትቆጣው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ ሳምንት ሊቆይ ወደ ሆሳዕና ገጠር ሲሄድም፣ ከዓለም ገና መናኸሪያ የተሳፈረው እሱኑ ደፍቶ ነበር።

ዮአብ ማክሰኞ ማክሰኞ ይደውላል። በዚህ ሳምንት አልደወለም። ረቡዕም ዝም።

መርከቧ የት እንዳለች በስልክ የምታሳይ ቀይ ነጥብ አለች። ብዙነሽ ጠዋት ከጸሎት በኋላ የምታያት እሷን ነው። ረቡዕ ዕለት ነጥቧ መንገዷን ትታ፣ ወደ አንድ ትንሽ ወደብ ታጥፋ ቆማ አገኘቻት።

«ለምን ቆመች?»

«ነዳጅ ሊሞሉ ይሆናላ» አለች ጣቢታ።

«በቀደም ሞልተዋል፤ ራሱ ነግሮኛል። አንቺስ ዓይንሽ ለምን ቀላ?»

«ሽንኩርት ነው።»

ቤት ውስጥ አንድ ራስ ሽንኩርት አልነበረም።

ብዙነሽ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው» አለች። «ደም ግፊት አለበት፤ ይሄን አይችለውም። ሠርጉን ጨርሶ በሰላም ይግባ።»

«እሺ እማዬ። እዚያ ገጠር ኔትወርክም የለም» አለች ጣቢታ፣ ወደ ጓዳ እየሮጠች።

ሐሙስ ከሰዓት የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ባጫ መጡ። ሳይጠሩ የማይመጡ ሰው ናቸው። ከጎረቤት ግቢ የብረት ወንበር ሲወርድ ይሰማል።

«ኦቦ ባጫ፣ አንቱ አይዋሹኝም። ልጄ ምን ሆነ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አዩ። «ስለ ዮአብ የሰማሁት ክፉ ነገር የለም። ዋቃ ምስክሬ ነው። ብቻ... ጀባዱ፣ ኢንተላ ኮ። በርቺ ልጄ።»

መማላቸው ይበልጥ አስፈራት። እሷም በሥራዋ ለስንቱ «ምንም የለም» ብላ ምላለች!

ማታ ጣቢታ ምግብ አቀረበች። «ሁለት ጉርሻ ብቻ፣ በሞቴ።»

ብዙነሽ ትሪውን አየች፤ ሁሉም ነገር ገባት። እንባዋ ወጡ ላይ እየተንጠባጠበ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ጌታ ሆይ» አለች፣ «ያለኝን ሁሉ ውሰድ። የፈለግኸውን ውሰድ፤ አንድም ቃል አልናገርህም። ልጄን ብቻ በሕይወት መልስልኝ።»

ጣቢታ «እማዬ፣ እንዲህ አትበይ!» ብላ ጮኸች።

«አሜን በይ!» አለቻት እናቷ። ጣቢታ ግን አሜን አላለችም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። የብዙ ሰው ኮቴ ነው። ብዙነሽ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነበር። ሄዳ መወርወሪያውን ሳበች። ዓይኗን ግን ጨፈነች።

«አካም ቡልቴ፣ ብዙነሽ፤ እንዴት አደርሽ» አሉ ኦቦ ባጫ።

«አትንገሩኝ! እባካችሁ፣ ስሙን አትጥሩብኝ!»

«እማዬ» አላት አንድ ድምፅ።

ዓይኗን ገለጠች። ከሽማግሌዎቹ ፊት ዮአብ ቆሟል፤ ጥቁር ለብሶ፣ የአባቱን ሰማያዊ ኮፍያ በሁለት እጁ ይዞ።