የተሸረፈችው ጥርስ

የሙዚየሙ መዝጋቢ የስጦታ ቅጹ ላይ «ሠሪው፦ ሟች ባለቤታቸው» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ሴትዮዋ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ ከለከለችው። ያመጣችው የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ በአሮጌ የሙዚቃ ሳጥን ዕቃዎች ተሞልቶ፣ ከላይ ዜማ የምታወጣው እንደ ማበጠሪያ ያለች ባለጥርስ ብረት ተቀምጣለች።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ሞረድ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም ነበር። እሱ ሱቅ ቁጭ ብሎ ደንበኛ ያጫውታል፣ እኔ ጓዳ ሆኜ እሠራለሁ።»

«እማማ፣ ሰው የሚያውቀው እሳቸውን ነው» አለ መዝጋቢው ብረቷን ብድግ እያደረገ። «ይቺ ደግሞ የመጨረሻ ጥርሷ ተሸርፏል። ግድ የለም፣ እናስጠግናታለን።»

«ብትነካት ወየውልህ! እኔ ነኝ የሸረፍኩት። ከእጄ የወጣ ሁሉ፣ ድምፁን ሳልነካ፣ ይሄ ምልክት አለበት።»

መዝጋቢው ፈገግ እንዳለ ተነሥቶ የባሏ ስም በትልቁ ወደተጻፈበት የመስታወት ቁም ሣጥን ሄደ። ክዳናቸው ከተከፈተው የሙዚቃ ሳጥኖች አንዱን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሁለተኛውን አየ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ፈገግታው የለም፤ የሁሉም የመጨረሻ ጥርስ እንደዚያችው ተሸርፏል። ተመልሶ ብዕሩን አነሣ።

«ስምዎን ማን ልበል?»

መዳፏን ከቅጹ ላይ አላነሣችም። በአገጯ ቁም ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን የባሏን ስም አመለከተችው።

«መጀመሪያ ያንን ንቀል። ስሜን ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ።»